ከመስታወት ጀርባ ያደገችው መራሬ

በኮሌጁ የኬሚስትሪ ክፍል ረዳቱን ሁሉም ሰው «ጠብታ» ነው የሚለው። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ተማሪዎች ናቸው። የላቦራቶሪ ረዳት ነው፤ ሥራው ብልቃጥ ማጠብ፣ አሲድ ማቅጠን፣ ሚዛን ማስተካከልና ተማሪ የሰበረውን መስታወት መጥረግ ነው። ነገር ግን አንዱ ፈሳሽ ሌላው ላይ ጠብ ሊል ሲል፣ ሺህ ጊዜ ያየውን ነገር እንደ አዲስ ጎንበስ ብሎ፣ ትንፋሹን ውጦ ይመለከታል። «አሁን! አሁን! ይችኛዋ ጠብታ ናት ቀለሙን የምትለውጠው!» ይላል። ተማሪው ይስቅበታል። እሱም አብሮ ይስቃል፤ ዓይኑን ግን ከብልቃጡ አይነቅልም። ጸጉሩ መሸበት ከጀመረ ወዲህ እንኳ ይህ አመሉ አልተወውም።

ጠብታን ያሳደገችው የእናቱ እህት ናት። እሱ «እትዬ» ይላታል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ደግሞ «እማማ» ይላታል። አፉ የቆሰለ፣ ድዱ ያበጠ፣ ምላሱ የተላጠ ሰው ደጇን ያውቃል። መድኃኒቷ አንድ ነው፤ መራሬ የሚሏት ትንሽ ተክል። መራሬ ድሮ ከነበሩበት ቤት ጓሮ፣ ከድንጋዩ አጥር ስንጥቅ ውስጥ ነበር የምትበቅለው። አመድማና ጠጉራም ቅጠል አላት፤ ቁመቷ ከስንዝር አያልፍም። እትዬ ቅጠሏን ትወቅጣለች፣ ለብ ባለ ውሃ ትዘፈዝፋለች፣ በጨርቅ ታጠልልና ሰውን ታጉመጠምጣለች። ሰውየው ፊቱን አጨማዶ፣ «እማማ፣ ይሄ መድኃኒት ነው ቅጣት?» ሲላት፣ «ሁለቱም ነው፤ ዝም ብለህ ተጉመጥመጥ» ትለዋለች።

ታዲያ መንገድ ሊሰፋ ነው ተብሎ ያ ቤት ፈረሰ። አክስትና የእህት ልጅ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ቤት ተከራዩ። እትዬ ከዕቃው ሁሉ አስቀድማ ያወጣችው መራሬን ነበር። በቢላ ጫፍ ሥሯን ከድንጋዩ ፈልቅቃ በባዶ የቀለም ቆርቆሮ ተከለቻት። አዲሱ ቤት ሰፊ የመስታወት መስኮት ስላለው ቆርቆሮዋ እዚያ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲያ የተደረገላት እንክብካቤ ለአራስም አይደረግ። ጠዋት ጠዋት ውሃ ትጠጣለች። ቅጠሏ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል። ትል ብቅ ካለ እትዬ በጥፍሯ ለቅማ በመስኮት ትሸኘዋለች። መራሬም ውለታ በላ አልሆነችም። ቅጠሏ ሰፋ፣ ለመለመ፣ ጠጉሩ ሳስቶ እንደተቀባ አብረቀረቀ። ቤት የገባ እንግዳ ሁሉ፣ «እማማ፣ ይቺማ ሙክት ሆነች!» ይል ነበር።

ችግሩ በሹፌሩ ጀመረ። ከታች የሚኖረው የአውቶቡስ ሹፌር ምላሱ ጎን ላይ ቁስል ወጣበትና መጣ። ተጉመጠመጠ፤ አልዳነም። ተመልሶ መጣ፤ አሁንም አልዳነም።

«እማማ፣ አይቆጡኝና» አለ ምላሱን እያላወሰ፣ «ይሄ ነገር ሻይ ሻይ ይላል።»

«አንተ አፍህን ሲጋራ አደንዝዞት ነው» ብላ ሳቀችበት። ቀጥላ ግን ልብስ ሰፊዋ ድዷ አብጦ መጣች፤ እሷንም ምንም አልፈየደላትም። ልብስ ሰፊዋ ክፉ ሰው አይደለችም፤ አፏ ብቻ ክር ሲበጥስ ስለሚውል ዝም ማለት አይሆንለትም። «እማማ ምስኪን፣ እጃቸው ከዳቸው መሰለኝ» ብላ ለአንዷ ሹክ አለች። ወሬ እግር ባይኖረውም ደረጃ መውጣት ያውቅበታልና እትዬ ጆሮ ደረሰ።

ይህ ነገር ለምን እንደከነከናት ለመረዳት፣ «እጅ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ያሻል። ያንኑ ቅጠል፣ ያንኑ ውሃ ሌላ ሰው ቢያዘጋጀው አያድንም፣ የሚያድነው የእሷ እጅ ነው ተብሎ ነው ሰው ዘመኑን ሙሉ ወደ እሷ የመጣው። ስለዚህ እጇ ከዳት ማለት እትዬ አበቃላት ማለት ነው። እራት ላይ ምግቡን ገፋ አድርጋ ጠብታን ቀና ብላ አየችው።

«ሥራህ ቅጠል ማፍላት አይደል?»

«ከሌላው መሀል እሱም አለበት።»

«እንግዲያው ወስደህ እይልኝ። ወይ ቅጠሉ ነው፣ ወይ እጄ ነው። እጄ ከሆነ እጅሽ ነው በለኝ፤ ደጄን ዘግቼ አርፋለሁ። ሰው እያሞኘሁ አልኖርም። እንዳትሸነግለኝ ደግሞ! ስትዋሽ አፍንጫህ ላይ ይታወቅብሃል።»

ጠብታ እሺ አለ። ለእሷ ያልነገራት ሦስተኛ መልስ ግን ሆዱ ውስጥ ነበር። ከመጀመሪያውም ቅጠሉ ውስጥ ምንም ባይኖርስ? የአፍ ቁስል ብዙ ጊዜ በራሱ ጊዜ ይድናል። ያን ሁሉ ዓመት የዳነው ሰው ሁሉ ሳይጉመጠመጥም ይድን የነበረ ቢሆንስ? ይህን ማወቅ ፈራ። ማወቅ ደግሞ እጅግ አድርጎ ፈለገ። በማግስቱ ቅጠሏን ይዞ የኮሌጁን አልኮል ሊለምን ሄደ።

የክፍሉ ኃላፊ ዶክተሯ ጥያቄውን ሰምታ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋች። «የኮሌጁን አልኮል ለአክስትህ ቅጠል?»

«ትንሽ ናት ዶክተር፤ የጠርሙስ ክዳን አትሞላም።»

«ሂድ ሞክር። ውጤቱን ግን ለእኔም ትነግረኛለህ፤ እኔም ድዴ ያብጣል።»

አሁን ጠብታ የሠራውን ሥራ በደንብ ማየት ነው፤ ለማየት የሚያስጎመጅ ሥራ ነውና። የመራሬን ቅጠል ወቅጦ አልኮል ውስጥ ነከረ። አልኮሉ ከቅጠሉ ውስጥ ብዙ ነገር ይዞ ይወጣል፤ አረንጓዴ ቀለም፣ ሰም፣ ስኳር፣ መራራ ነገር፣ ሁሉም ባንድ ላይ ተደባልቆ። እንዴት ይለያል? አንድ ፊቷ በነጭ ዱቄት የተለበጠ ትንሽ መስታወት አለች። ከታችኛው ጫፏ ከፍ ብሎ አንድ ነጥብ ያህል ከጭማቂው ያሳርፍባታል። ከዚያ ሥሩ ጥቂት ፈሳሽ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ያቆማታል። ፈሳሹ፣ የመብራት ክር ጋዝ እንደሚስብ፣ በዱቄቱ ውስጥ እየተሳበ ሽቅብ ይወጣል፤ ነጥቧ ጋ ሲደርስ በውስጧ ያሉትን ውህዶች ጎትቶ ይዟቸው ይሄዳል።

ጠብታ ይህን ለተማሪዎች ሲያስረዳ በገበያ ይመስለዋል። «ብዙ ሰው ባንድ ጊዜ ገበያ መሀል ሊያልፍ ተነሣ በሉ። አንዱ ከማንም ጋር ጉዳይ የለውም፤ ቀጥ ብሎ ይወጣል። አንዷ ግን ባየችው መደብ ሁሉ ቆማ ሰላም ትላለች፣ ታማለች፣ ትጠይቃለች፤ ገና መግቢያው ላይ ናት። መደቡ ዱቄቱ ነው። ከዱቄቱ ጋር የሚዋደድ ውህድ ወደ ኋላ ይቀራል፤ የማይዋደድ ሩቅ ይደርሳል። ስለዚህ የቆሙበትን ቁመት ስታዩ ማን ማን እንደሆነ ትለያላችሁ።»

የመጀመሪያው ሙከራ ብዙ ነጠብጣብ አሳየ። የትኛው ነው ታዲያ መድኃኒቱ? ነጠብጣብ ስሙን አይናገርም። ዶክተሯ በትከሻው በኩል አየችና፣ «ማነጻጸሪያ የለህም። ሰው ያድን የነበረውን የድሮውን ቅጠል አምጣ፤ ጎን ለጎን አሩጣቸው» አለችው።

የድሮው ቅጠል ቤት ውስጥ የለም። እትዬ ትኩስ እያለ ደረቅ አታስቀምጥም። ስለዚህ ጠብታ በዕረፍት ቀኑ ወደ ፈረሰው ሰፈር ሄደ። ቤቱ አስፋልት ሆኗል፤ ከድንጋዩ አጥር ግን ቁራጩ ከቦዩ ማዶ ቀርቷል። በስንጥቁ ውስጥ መራሬ አለች። ያቺ የቤቷ ቅምጥል እህቷ ናት ቢባል ማን ያምናል? ኮስሳለች፤ አመድ መስላለች፤ ቅጠሏን ትል በልቶ ወንፊት አድርጎታል። ጠብታ አንዲት ቅጠል ቆርጦ አኘካት። ምሬቱ ከምላሱ ተነሥቶ ጆሮው ሥር ደረሰ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። መንገድ ላይ የምታልፍ ሴት ቆም ብላ፣ «ወንድሜ፣ ደህና ነህ?» አለችው።

«በጣም ደህና ነኝ» አላት እየተፋ።

ሁለቱን ቅጠሎች እኩል መዝኖ፣ እኩል አልኮል ውስጥ ነክሮ፣ በአንድ መስታወት ላይ ጎን ለጎን አሮጣቸው። መስታወቷን አድርቆ በልዩ መብራት ሥር አስገባት። መብራቱ የሚረጨው ብርሃን የሰው ዓይን የማያየው ዓይነት ነው፤ የፀሐይ ብርሃን ውስጥም አለ፣ ቆዳ የሚያሳርረው እሱ ነው። ያ ብርሃን ሲያርፍባት መስታወቷ በሙሉ አረንጓዴ ታበራለች፤ ብርሃኑን የሚውጥ ውህድ ያለበት ቦታ ብቻ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ከአጥሩ በመጣው ቅጠል በኩል፣ መሀል ላይ፣ ቀለም የተደፋ የሚመስል ጥቁር ነጥብ ነበር። በቤቷ ቅጠል በኩል በዚያው ቁመት ያለው ጥላ ብቻ ነው፤ አለች የለችም የምታሰኝ ጥላ።

ጠብታ ሳያውቀው ጮኸ። ዘበኛው እየሮጠ መጣ።

«ምን ፈነዳ?»

«አልፈነዳም፤ ተገኘ!»

«ምን ጠፍቶብህ ነበር?»

ዶክተሯ መስታወቷን አገላብጣ አየቻት። ተክሎቹ የአንድ ሥር ልጆች ናቸው፤ ነጥቡም በሁለቱ እኩል ቁመት ላይ ነው። ስለዚህ የቤቷ መራሬ ሙያውን አልረሳችም፤ ሥራውን ነው የተወችው። ለምን?

ጠብታ ይህን «ለምን» ይዞ አውቶቡስ ተሳፈረና መውረጃውን አለፈ። ተክል እግር የለውም። ፀሐይ ሲከብድበት ጥላ ፍለጋ አይሄድ፤ ትል ሲበላው አይሸሽ። ያለው መላ አንድ ነው፤ ከቆመበት ሆኖ ውህድ መቀመም። ያ ጥቁር ነጥብ የሚያሳርረውን ብርሃን ሲውጥ በዓይኑ አይቶታል። ምናልባት አጥሩ ላይም ሥራው ይኸው ይሆናል፤ ቅጠሉ ውስጥ የተዘረጋ ጃንጥላ። ምሬቱም ትሉን ሳያስከፋው አይቀርም። የመስኮት መስታወት ደግሞ ያን የሚያሳርር ብርሃን አብዛኛውን ያስቀረዋል። ታዲያ ፀሐይ የማያሳርራት፣ ትል የሚለቀምላት ተክል ለምን ብላ ትድከም?

ግምት ነው እንግዲህ። ግምትን ማሮጫ ደግሞ ሜዳ ያስፈልጋል። መራሬን ከሥሯ ለሁለት ከፈላት፤ ግማሿን መስኮቱ ጋ ተወ፣ ግማሿን ወደ ፎቁ ጣሪያ ለፀሐይ ሊያወጣት ተነሣ። እትዬ በሩ ላይ ቆመችበት።

«ያሳደግኳትን ለትል ልዳራት?»

«እትዬ፣ ለማወቅ ነው። ውሃ በመጠኑ ብቻ፤ ትል አይለቀም፤ ጥላ የለም።»

«እንዲህ አድርጌ ነው አንተን ያሳደግኩህ?»

«ከእኔማ ምሬት አልፈለግሽም።»

ተሸነፈች። ሰሞኑ አልፎ ጣሪያ ላይ አዲስ ቅጠል ሲወጣ ጠብታ ቆርጦ ላቦራቶሪ ወሰደው። መብራቱን አበራ። ጥላ። እንደ መስኮቷ ያለች ያችው አለች የለችም የምታሰኝ ጥላ። መብራቱን አጥፍቶ እንደገና አበራው፤ ለውጥ የለም።

መሸንገል አይችልምና ማታውን ነገራት። «ፀሐዩ አይደለም መሰለኝ እትዬ። ትሉም አይደለም። ግምቴ ወደቀ።»

እትዬ ተነሥታ ሙቀጫዋን አጠበች፣ አደረቀች፣ ቁም ሣጥኑ ላይ ገልብጣ አስቀመጠችው። «እንግዲያው እጄ ነው» አለች ጀርባዋን እንደሰጠችው። ጠብታ የቤቷ ቅጠል መድከሙ አስቀድሞ እንደታየ፣ ያልታወቀው ምክንያቱ ብቻ እንደሆነ ሊያስረዳት ሞከረ፤ አልሰማችውም። ልብስ ሰፊዋ በማግስቱ ስታንኳኳ በሩን ሳትከፍት፣ «ትቼዋለሁ ልጄ፣ ሐኪም ጋ ሂጂ» ብላ መለሰቻት።

ነገሩን የገለበጠው ያው ሹፌሩ ነው። ደረጃው ላይ ጠብታን አግኝቶ ምላሱን እያመመው ይነጫነጫል።

«አክስትህ ለእኔ ሲሆን በር ይዘጋሉ፤ ለዚያ ቅጠል ግን ቀትር ላይ ጃንጥላ ይዘው ይቆሙለታል!»

ጠብታ እግሩ ደረጃው ላይ ደረቀ። «ምን አልክ?»

«ጣሪያ ላይ ነዋ! ልብሴን ላሰጣ ስወጣ ሁሌ እዚያ ናቸው። ወንበርም አላቸው።»

ጠብታ ቤት ሲገባ እትዬ ምስር እየለቀመች ነበር።

«እትዬ፣ ጣሪያ ላይ ጃንጥላ ይዘሽ ትወጫለሽ?»

እትዬ ምስሩን አተኩራ አየችው። «ፀሐዩ እኮ ያቃጥላል።»

«እንዲያቃጥላት ነዋ ያወጣኋት!»

«ጠውልጋ አንገቷን ስትደፋ ዝም ብዬ ልያት? አንጀቴ አልችል አለኝ።»

«ትሉንስ?»

«ትሉን... አንድ ሁለት ለቅሜያለሁ።»

«አንድ ሁለት?»

«ያየሁትን ሁሉ» አለች በቀስታ።

ጠብታ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ሳቅ ቀደመው። ደጇ የሚዘጋው በዚህች ቅጠል ምክንያት እንደሆነ እያወቀች፣ በገዛ እጇ በራሷ ላይ ስትፈርድ ሰንብታለች። ግምቱ አልወደቀም፤ ገና አልተሞከረም። እትዬም ሲገባት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ተነሥታ ጃንጥላውን ከበሩ ጀርባ አወጣችና ደረቱ ላይ ለጠፈችው።

«ሥራ ይዘኸው ሂድ። ቤት ካለ አላርፍም።»

እንዲህ ሆኖ ጠብታ ደመና በሌለበት ሰማይ ጃንጥላ ይዞ ሲመላለስ ከረመ። ተማሪዎቹ፣ «ጠብታ ጠብታ ፈራ!» እያሉ ሳቁበት። በመሀሉ ሹፌሩን፣ ይህን ያህል የቆየ ቁስል በጉምጥምጥ አይታለፍምና ክሊኒክ ሂድ ብሎ ወተወተው። ሄደና አፉን ይዞ እየሳቀ ተመለሰ። ጥርሱ ጫፉ ተሸርፎ ኖሯል፤ በተናገረ ቁጥር ምላሱን ሲሞርደው ነው የከረመው። ሐኪሙ ጥርሱን አለስልሶለታል።

«ለካ መራሬን ያሳማት ያንተ ጥርስ ነው!» አለች እትዬ። «ከእንግዲህ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ጥርሱን ነው የማየው።»

ጣሪያ ላይ ያለችው መራሬ ከሳች። አረንጓዴው ወደ አመድ ዞረ፣ ጠጉሯ ተመለሰ፣ ትል ጠርዟን እየዘለዘለ በላት። እትዬ ላለማየት ወደ ጣሪያው መውጣት ተወች። አንድ ከሰዓት፣ ተማሪዎች ከወጡ በኋላ፣ ጠብታ ሦስቱን ቅጠሎች በአንድ መስታወት አሮጠ፤ የአጥሩን፣ የመስኮቱን፣ የጣሪያውን። ዶክተሯ ራሷ መብራቱን ያዘችለት። የአጥሩ ጥቁር ነው። የመስኮቱ ጥላ ነው። የጣሪያው ጥቁር ነው፤ የአጥሩን ባያክልም ጥቁር ነው። ፀሐዩ ይሁን ትሉ፣ ወይስ ሁለቱም፣ ገና አልተለየም፤ እሱ ሌላ ሙከራ ይፈልጋል። ዶክተሯ፣ «ጃንጥላውን አሁን ተወው እንግዲህ» አለችው።

ቤት ገብቶ እትዬን ፊት ለፊቱ አስቀመጣት።

«ቅጠሉ ነው። እጅሽ አይደለም።»

አፍንጫውን አተኩራ አየችው። ረጅም ትንፋሽ ወጣላት። «አልከዳኝማ! እንክብካቤው በዛባት እንጂ።»

«ግን ስሚኝ እትዬ። ነጥቡ መራራው ውህድ ብዙ ነው ይላል እንጂ ቁስል ያድናል አይልም። እሱን ገና አላየሁትም። ሳይነካ የሚድን ቁስልም አለ።»

«ታዲያ እሱንስ መቼ ታያለህ?»

«ዶክተሯን ለምኛለሁ፤ ቅጠሉን ከጀርም ጋር የሚያጋጥም ሙከራ አለ።»

«እስከዚያ የማላውቀውን አውቃለሁ አልልም። የማውቀውን ግን አልተውም» አለች፤ ብድግ ብላም ሙቀጫዋን ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረደች።

ልብስ ሰፊዋ የመጣችው በሳምንቱ መጨረሻ ነው፤ ጉንጯን ደግፋ፣ ዓይኗን ሰብራ። እትዬ ያለፈውን አላነሣችባትም። መጀመሪያ አፏን አስከፍታ በመስኮቱ ብርሃን ጥርሷን አንድ በአንድ አየች። ከዚያ ጠብታ ከጣሪያ ያወረደውን ቅጠል ወቅጣ፣ ዘፍዝፋ፣ አጥልላ ሰጠቻት። ልብስ ሰፊዋ ተጎነጨች፤ ዓይኗ ተጨፈነ፣ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጣ።

«ኧ... ኧረ እማማ!»

«ያዥው! እንዳትተፊው!»

እትዬ ሙቀጫው አጠገብ የቀረውን ቅጠል ልታነሣ ስትል እጇን ሰበሰበች። ከቅጠሉ ሥር ጣት የማታክል አረንጓዴ ትል ተጣብቃ ጠርዙን ትቆረጥማለች። እትዬ ጎንበስ ብላ፣ ትንፋሿን ውጣ ተመለከተቻት።

«ጠብታ» አለችው፤ እስከዛሬ በዚህ ስም ጠርታው አታውቅም። «ይሄን ምሬት አዋቂ ሰው አልቻለውም። ይቺ ትል እንዴት ቻለችው?»

ጠብታም ጎንበስ ብሎ ትሏን አያት። «አላውቅም እትዬ።»

«ታዲያ ምን ቆመሃል? ክዳን ያለው ብርጭቆ አምጣ፤ ከነቅጠሏ ይዘሃት ትሄዳለህ።»